ለባለሀብት የሚታይ ናሙና ድረ ገጽ አዘገጃጀት፦ ከወረቀት ንድፍ እስከ ስብሰባው ክፍል

ጥሩ ሐሳብ ይዘው ባለሀብት ፊት የቀረቡ ወጣቶች በናሙና ድረ ገጻቸው ሳቢያ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ደጋግሜ አይቻለሁ። አብዛኞቹን የሚያሰናክላቸው ስህተት ተመሳሳይ ነው። ሃያ ገጽ ያለው፣ ግማሹ አዝራር ተጭኖ የማይሠራ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ የሚቆም ሥራ ይዘው ይገባሉ። ባለሀብቱ ማየት የሚፈልገው ግን አንድ ሰው ችግሩን ይዞ ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ ነው። ለዚያ ስድስት ወይም ሰባት ገጽ ይበቃል።

በመመሪያው ሁሉ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ለሠርግና ለልቅሶ ድንኳን፣ ወንበርና የድግስ ዕቃ የሚያከራዩ ሰዎችን ከተከራይ ጋር የሚያገናኝ ድረ ገጽ። የእናንተ ሥራ ሌላ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ሳምንት መድቡ። ሦስት ቀን ለወረቀት ሥራ፣ አራት ወይም አምስት ቀን ለገጾቹ፣ ሦስት ቀን ለሙከራና ለእርማት፣ የቀረው ለልምምድ ይሁን። ጊዜ ሲያጥራችሁ ገጽ ቀንሱ፤ ልምምዱን አትንኩት።

ከዚያ ወደ ባለሀብቱ ቢሮ ደውላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦

1. ስንት ደቂቃ ተሰጥቶናል?
2. ስብሰባው በአካል ነው ወይስ በቪዲዮ?
3. ክፍሉ ውስጥ ፕሮጀክተር ወይም ቴሌቪዥን አለ? የሚገናኘው በምን ዓይነት ገመድ ነው?
4. ከሚገኙት ሰዎች መካከል አማርኛ የማያነብ አለ?

አራተኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል። አማርኛ የማያነብ ሰው ይገኛል ተብሎ ግን ገጾቹን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ ስህተት ነው። ተጠቃሚዎቻችሁ በአማርኛ የሚያነቡ ከሆኑ ባለሀብቱም ማየት ያለበት እነርሱ የሚያዩትን ነው። ገጾቹን እንዳሉ ተዉአቸውና ከእያንዳንዱ ገጽ ሥር ትርጉሙን የያዘ የታተመ ወረቀት አዘጋጁለት።

ደረጃ 1፦ ጥርጣሬውን ለዩ

ባለሀብቱ ስለ ሥራችሁ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠራጠረው ምኑን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በእኛ ምሳሌ ጥርጣሬው «ሰው አይቶት ለማያውቀው አከራይ በስልክ ቀብድ ይከፍላል?» የሚል ነው። ድንኳን የሚከራይ ሰው እስከ ዛሬ የለመደው ሄዶ ሸራውን በእጁ መዳሰስ፣ የተቀደደ ቦታ መኖሩን ማየት፣ ወንበሩን መቁጠር ነው። እንግዲህ ገጾቻችሁ ያንን የእጅ ዳሰሳ የሚተካ ነገር ማሳየት አለባቸው፦ የሸራው ስፌት በቅርበት የተነሣ ፎቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ከውስጥ ሲታይ፣ የወንበሩ ብዛትና ዓይነት፣ ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ። ጊዜያችሁን በሙሉ እዚያ ላይ አፍሱት። የኩባንያው ታሪክና የመሥራቾቹ ፎቶ ለዚህ ጥርጣሬ መልስ አይሰጡም፤ ከናሙናው ይውጡ።

ደረጃ 2፦ አንዱን መንገድ በወረቀት ጻፉ

ኮምፒውተር አትክፈቱ። አራት አምስት ነጭ ወረቀት እያንዳንዱን አራት ቦታ ቁረጡና በአንድ ቁራጭ ላይ አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ። ለምሳሌያችን የሚበቃው ይህ ነው፦

1. ፍለጋ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የእንግዳ ብዛት
2. የተገኙ ድንኳኖች ዝርዝር
3. የአንዱ ድንኳን ሙሉ መረጃ
4. የዕቃ ምርጫ፦ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ብረት ድስት፣ ሳህን
5. የተከራይ ስምና አድራሻ
6. የቀብድ ክፍያ
7. ማረጋገጫ

በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግቢያና መመዝገቢያ ገጽ የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ባለሀብቱ ፊት ቆማችሁ የይለፍ ቃል ስትተይቡ የሚያልፈው ግማሽ ደቂቃ አይመለስም፤ ተሳስታችሁ ስትደግሙት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ተጠቃሚው አስቀድሞ እንደገባ አድርጋችሁ ጀምሩ።

አሁን ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ እያነሣችሁ ጠይቁ፦ ይህ ገጽ ቢወጣ የግድግዳው ጥያቄ መልስ ያጣል? አያጣም ካላችሁ ገጹን አውጡት። የቡድኑ አባላት ካልተስማሙ ገጹን ለሁለተኛ ስብሰባ አቆዩትና እለፉ።

ደረጃ 3፦ በእርሳስ ሣሉና ለማያውቅ ሰው አሳዩ

በየቁራጩ ላይ አዝራሩን፣ ፎቶውን፣ ጽሑፉን በእርሳስ ሣሉ። ከዚያ ስለ ሥራችሁ ምንም የማያውቁ ሦስት ሰዎች ፈልጉ። ለእኛ ምሳሌ የተሻለው ሰው በቅርቡ ድግስ ያዘጋጀ ጎረቤት ወይም የዕድር ዳኛ ነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ስጧቸውና «በጥር ሠርግ አለብዎት እንበል፤ ድንኳን ይከራዩ» ብቻ በሏቸው። ጣታቸውን ባሳረፉበት ቦታ መሠረት የሚቀጥለውን ቁራጭ አቀብሉ።

አታስረዱ። ጣታቸው አየር ላይ ቆሞ ሲያመነታ ቁራጩ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ካመነታ ያ ገጽ እንደገና ይሣላል። ሦስቱም «ዋጋው ማጓጓዣን ይጨምራል?» ብለው ከጠየቁ መልሱ ገጹ ላይ መጻፍ አለበት፤ ባለሀብቱም መጠየቁ አይቀርምና።

ደረጃ 4፦ መሣሪያ ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ።

ቡድኑ ውስጥ ፕሮግራም ጸሐፊ ከሌለ ወይም ጊዜው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በታች ከሆነ ፊግማ የሚባለውን የገጽ መንደፊያ ተጠቀሙ። ነጻው አገልግሎት ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ነጻና ክፍት የሆነ ከፈለጋችሁ ፔንፖት አለ። ሁለቱንም የማያውቅ ቡድን በፓወርፖይንት ገጽ ከገጽ በሊንክ እያያያዘ ሊሠራ ይችላል፤ አያሳፍርም። ኮድ የምትጽፉት ጥርጣሬው ራሱ ቴክኒካዊ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ባለሀብቱ «ይህ ስሌት በእውነት ይሠራል?» የሚል ከሆነ። የመረጃ ቋትና የአስተዳዳሪ ገጽ ለናሙና አትሥሩ።

ደረጃ 5፦ ገጾቹን ሥሩና አያይዙ

ከዚህ በታች ያለው በፊግማ ነው፤ በሌላውም መሣሪያ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

1. አዲስ ፋይል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ገጹ የሚሣልበት ሰሌዳ፣ ፍጠሩ። ለስልክ 360 በ800 ፒክስል፣ ለኮምፒውተር ስፋቱን 1440 አድርጉ። ተጠቃሚዎቻችሁ በስልክ የሚገቡ ከሆነ የስልኩን ብቻ ሥሩ።
2. ፍሬሞቹን በቁጥር ሰይሙ፦ «01 ፍለጋ»፣ «02 ዝርዝር»። ያለ ስም የተተወ ፍሬም ሊንክ ስትስቡ ያሳስታችኋል።
3. ሁሉም ገጽ ላይ የሚደጋገመውን፣ ማለትም የላይኛውን አርማና የኋሊት ቀስቱን፣ አንድ ጊዜ ሠርታችሁ ቅዱ።
4. ፕሮቶታይፕ ወደሚለው ክፍል ግቡና ከአዝራሩ ወደሚቀጥለው ፍሬም ቀስት ሳቡ። የሽግግር ስልቱን ቅጽበታዊ አድርጉት። የሚንሸራተትና የሚሽከረከር ሽግግር በደካማ ኮምፒውተር ላይ ይንቀረፈፋል።
5. የኋሊት ቀስቱንም አያይዙ። ባለሀብት ወደ ኋላ መመለስ ይወዳል።
6. መነሻውን «01» ላይ አድርጉና የማጫወቻ ምልክቱን ተጫኑ።
7. በማጫወቻው ምርጫዎች ውስጥ ባዶ ቦታ ሲጫን አዝራሮቹን በሰማያዊ ብልጭ የሚያደርገውን አጥፉ። ካልጠፋ ባለሀብቱ በስህተት ስክሪኑን በነካ ቁጥር የትኛው ቦታ ብቻ እንደሚሠራ ይጋለጣል።

ካልሠራስ? አዝራሩ ሲጫን ምንም ካልሆነ ቀስቱ ከአዝራሩ ሳይሆን በላዩ ካለው ጽሑፍ ብቻ ተስቦ ይሆናል። ቀስቱን አጥፉና ጽሑፉንና ቀለሙን አንድ ላይ አቧድናችሁ ከቡድኑ እንደገና ሳቡ። ወደማይፈለግ ገጽ ከወሰዳችሁ የተቀዳ ገጽ የድሮውን ቀስት ይዞ መምጣቱን ተመልከቱ። በመሃል ጠፋችሁ? ማጫወቻው ላይ አር የሚለውን የላቲን ፊደል ተጫኑ፤ ከመነሻው ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ጽሑፉን፣ ቀኑንና ስሙን የእኛ አድርጉት

ናሙናዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። ከውጭ አገር የተወሰደ አብነት ላይ አማርኛ ሲለጠፍ ገጹ ያምራል፤ ሲሠራበት ግን ማንንም አያገለግልም። ገበያውን የሚያውቅ ባለሀብት ይህንን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያየዋል።

ፎንት (የፊደሉ ቅርጽ)። ካልቀየራችሁት ፊግማ በራሱ የሚጠቀምበት ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም። ከመጀመሪያው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚለውን በእጃችሁ ምረጡ፤ ነጻ ነው። በመስመሮች መካከል ከላቲን ጽሑፍ ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ፤ ካልሆነ የላይኛው መስመር እግር የታችኛውን ራስ ይነካል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት) ባልሆነ በቆየ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ ስትለጥፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ለማረም አትድከሙ፤ እንደገና ተይቡት።

ስለ ፎንት ይህን ያህል የምጨነቀው በደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባልደረባዬ ገጾቻችንን በፓወርፖይንት ሠርተን ፋይሉን ቀድመን ላክን። በስብሰባው ቀን የተከፈተው በባለሀብቶቹ ላፕቶፕ ነበር። የተጠቀምንበት ፎንት እዚያ ስላልነበረ ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ተካ፤ ፊደሎቹ ሰፉ። «ትዕዛዝ ያረጋግጡ» ከሚለው አዝራር «ያረጋግጡ» ወደ ታች ወርዶ ዋጋው ላይ ተደረበ። በዚያ ስብሰባ ውስጥ ዋጋው ስንት እንደሆነ ማንም ማንበብ አልቻለም፤ ሊያዩ የመጡት ደግሞ ዋጋውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋይል የምልከው በፒዲኤፍ ነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል።

አክብሮት። «አስገባ»፣ «ፈልግ»፣ «ክፈል» እያላችሁ አትጻፉ። የልጃቸውን ሠርግ የሚያዘጋጁ እናት ስልካቸውን ከፍተው «ስምህን አስገባ» የሚል ሲያነቡ ገጹ ለእርሳቸው እንዳልተሠራ ይረዳሉ። «ያስገቡ»፣ «ይፈልጉ»፣ «ይክፈሉ» በሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ሁሉንም ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያንብብ፤ ሦስት ሰው የጻፈው ገጽ አንዱ ቦታ ላይ «አንተ» አንዱ ቦታ ላይ «እርስዎ» ማለቱ አይቀርም።

ስም። ስምና «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አታስቀምጡ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ጻፉ።

አድራሻ። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ብቻ የሚጠይቅ ገጽ ድንኳን ጫኙን መኪና የትም አያደርሰውም። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና «የታወቀ ምልክት» የሚል ነጻ ሳጥን አድርጉ፤ በናሙናው ላይም «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ብላችሁ ሙሉት። ስልክ ቁጥሩ በ09ም በ07ም የሚጀምር መሆን አለበት፤ የሳፋሪኮም ቁጥሮች በ07 ይጀምራሉ።

ቀን። ሠርግ የሚቆረጠው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የቀን መምረጫው በጃንዋሪ የሚጀምር ከሆነ እናቲቱ ያቆማሉ። 13ኛዋን ወር ጳጉሜንንም አትርሱ። በአንጻሩ ከዋሽንግተን ሆና ለወንድሟ ሠርግ ቀብድ የምትከፍል እህት የምታስበው በፈረንጆቹ ቀን ነው። ሁለቱንም አሳዩ፦ በትልቁ «እሑድ ጥር 16 ቀን 2019»፣ ከሥሩ በትንሹ «ጃንዋሪ 24 ቀን 2027»። ሁለቱን ቀኖች አስሉና አረጋግጡ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን የሚረሳ ብዙ ነው።

ሰዓት። «2፡00» ብቻ ብላችሁ አትተዉ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሉ። አማርኛ ለማያነበው ባለሀብት በምታትሙት ወረቀት ላይ ደግሞ ይህ በእርሱ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት መሆኑን ጻፉ።

ዋጋ። ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ሦስት አከራዮች ጋር ደውላችሁ የዛሬውን ዋጋ ጠይቁና አስገቡ፤ የጠየቃችሁበትን ቀንም ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ። ባለሀብቱ ባለፈው ዓመት ልጁን ድሮ ከሆነ የድንኳን ዋጋ ከእናንተ የበለጠ ያውቃል።

ፎቶና መረጃ። ፎቶውን ራሳችሁ ሄዳችሁ አንሡ፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ልቅሶ ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ፊት፣ የሕፃናትን ፊት አታሳዩ። የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ስልክ ለማሳያ መጠቀም ክልክል ይሁን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስልክ ቁጥሩን ዜሮ በዜሮ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ክፍያውንና እውነቱን ለዩ

በናሙና ላይ እውነተኛ ገንዘብ አታንቀሳቅሱ። የክፍያውን ገጽ ሥዕል አድርጋችሁ ማሳየት ይበቃል። ፕሮግራም ጸሐፊ ካላችሁና የሚሠራ ነገር ማሳየት ከፈለጋችሁ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገልግሎቶች ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት የሙከራ ቁልፍ ይሰጣሉ፤ በእርሱ ብቻ ሥሩ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የቴሌብርን ወይም የባንክ አርማ ገጹ ላይ ካስቀመጣችሁ «ውል አላችሁ?» መባላችሁ አይቀርም። ከሌላችሁ አርማውን አውጡና «በሞባይል ገንዘብ ይክፈሉ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ አዝራር ላይ የምትጽፉት ቃል ግዴታ ነው። «ድንኳኑ እስኪተከል ቀብድዎን እኛ እናቆያለን» ካላችሁ ባለሀብቱ የደንበኛን ገንዘብ ይዛችሁ የምታቆዩት በምን ፈቃድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ይህ ከብሔራዊ ባንክ ደንብ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነው። መልስ ከሌላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ለውጡ።

ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ «ይሠራል»፣ «ለማሳያ የተሣለ»፣ «ገና ያልተጀመረ»። እያንዳንዱን ገጽ አንዱ ውስጥ አስገቡ። ወረቀቱ ስብሰባው ላይ አብሯችሁ ይግባ፤ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ዝርዝሩና ፍለጋው ይሠራሉ፤ ክፍያው ለማሳያ የተሣለ ነው» ለማለት አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። የማይሠራውን ይሠራል ብሎ ማሳየት እስከ ወህኒ ያደርሳል። በአሜሪካ የቴራኖስ መሥራች ኤሊዛቤት ሆልምስ የደም መመርመሪያ መሣሪያዋ የማይችለውን ይችላል ብላ ባለሀብቶችን በማታለል በጃንዋሪ 2022 ጥፋተኛ ተብላለች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶባታል።

ደረጃ 8፦ ፈትኑት

1. በርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። የመጀመሪያው ገጽ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ ቁጠሩ። ከረዘመ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፎቶው ነው፤ ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የገባውን ፎቶ አሳንሳችሁ መልሱት።
2. ሊንኩን በብሮውዘሩ የግል መስኮት፣ ማለትም ስማችሁ ባልገባበት፣ ክፈቱት። «ፈቃድ ይጠይቁ» ካለ የማጋሪያውን ምርጫ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ማየት እንዲፈቅድ አስተካክሉ። ማረም ግን አይፈቀድ።
3. ፕሮጀክተር ላይ አሳዩት፤ መጋረጃው ክፍት ሆኖ። ላፕቶፕ ላይ የሚያምረው ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይጠፋል። የጠፋውን ሁሉ አጥቁሩ።
4. የቡድኑ አባል ያልሆነ ሰው ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሂድበት።
5. ሁሉንም መንገድ አሥር ጊዜ ደጋግሙ። አንድ ጊዜ እንኳ ከተሰናከለ ምክንያቱን ሳታገኙ አትለፉት።

ደረጃ 9፦ መጠባበቂያ አዘጋጁ

መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቋረጣል። የእንግዳ ዋይፋይ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ምሳ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ እንደሚደርሱ ቆጥራችሁ ተዘጋጁ።

የመጀመሪያው መጠባበቂያ የራሳችሁ ዳታ ነው፤ ከተቻለ በሁለት ስልክ፣ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም አንዱ በሳፋሪኮም። ሁለተኛው አስቀድሞ የተከፈተ ገጽ ነው፤ ከቤት ስትወጡ ናሙናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሂዱትና ላፕቶፑን ሳትዘጉ፣ ብሮውዘሩንም ሳታጠፉ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛው ቪዲዮ ነው። የሁለት ደቂቃ የስክሪን ቅጂ ቅረጹ፤ አሁን ያሉት ዊንዶውስም ማክም አንድሮይድም የራሳቸው መቅረጫ አላቸው። ቪዲዮውን ላፕቶፑ ላይ፣ ፍላሽ ላይና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ድምፅ አትጨምሩበት፤ ራሳችሁ እያወራችሁ ታሳያላችሁ። አራተኛው ወረቀት ነው፤ ሰባቱ ገጾች በቀለም ታትመው፣ ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ አንድ ቅጂ።

በኮድ የሠራችሁ ከሆነ ናሙናው ከላፕቶፑ ላይ ያለ ኢንተርኔት መነሣቱን ዋይፋይ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ገጹ ተነሥቶ ፊደሉ ከተለወጠ ፎንቱ ከኢንተርኔት ይመጣ ነበር ማለት ነው፤ የፎንቱን ፋይል ከገጹ ጋር አንድ አቃፊ ውስጥ አስገቡት።

ደረጃ 10፦ በስብሰባው ክፍል

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ቴሌግራምን ዝጉ፣ የማሳወቂያ ድምፅ አጥፉ፣ የኮምፒውተሩን ዝማኔ ከአንድ ቀን በፊት ጨርሱ። የኤችዲኤምአይ ገመድና መለወጫውን የራሳችሁን ያዙ። ስክሪኑ እንዳይተኛ አድርጉ።

ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ጥያቄዎችን ይጽፋል። ተናጋሪው ስለ አዝራርና ስለ ገጽ አያወራም፤ ስለ እናቲቱ ይናገራል፦ «ሠርጉ ጥር 16 ነው፤ 200 እንግዳ አለ፤ ይኸው ቀኑን መረጡ።» ሰባቱ ገጽ ከአራት ደቂቃ እንዳይበልጥ።

ከዚያ ስልኩን ለባለሀብቱ አቀብሉት። «ይሞክሩት» ብላችሁ ዝም በሉ። ይህን ብዙ ቡድን ይፈራዋል፤ እኔ ግን ከስብሰባው ሁሉ በጣም የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እጁ የት እንደሚቆም፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ የሚታየው ያኔ ነው።

ያልተያያዘ አዝራር ቢጫንስ? አትደናገጡ፣ ይቅርታም አታብዙ። «ይህ ገጽ ገና አልተሠራም፤ ሲሠራ አከራዩን በቀጥታ የሚያነጋግሩበት ይሆናል» በሉና የኋሊት ቀስቱን አሳዩት። ሥራው በመሃል ከቆመ ለመጠገን ሃያ ሴኮንድ ብቻ ስጡት፤ ካልተነሣ ቪዲዮውን ክፈቱ። መብራቱ ከጠፋ ወረቀቱን አድሉና ካቆማችሁበት ገጽ ቁጥር ቀጥሉ። ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራችሁ ሰው እያስጠበቃችሁ አትቆዩ።

ስብሰባው በቪዲዮ ከሆነ ሙሉ ስክሪናችሁን ሳይሆን የናሙናውን መስኮት ብቻ አጋሩ። ምስሉ ዘግይቶ ስለሚደርስ እያንዳንዱን አዝራር ከተጫናችሁ በኋላ ሁለት ሴኮንድ ቆዩ። ቀጠሮውን ስትይዙ ሰዓቱን በሁለቱም አገር ጻፉ፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ረፋዱ 11፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ነው፤ የዋሽንግተኑ በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

ከስብሰባው በኋላ

በዚያው ቀን ሊንኩንና ፒዲኤፉን ላኩ፤ «ይሠራል፣ የተሣለ፣ ያልተጀመረ» የሚለውን ወረቀትም አያይዙ። አብዛኞቹ ባለሀብቶች በመጀመሪያ ስብሰባ የምስጢር ውል አይፈርሙም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ የሚጎዳችሁን ነገር፣ ለምሳሌ ከአከራዮች ጋር የተስማማችሁበትን የኮሚሽን መጠን፣ ገጾቹ ላይ አታስቀምጡ።

ማታውኑ ጥያቄ የጻፈው አባል ማስታወሻውን ያንብብ። ባለሀብቱ ያመነታባቸውን ገጾች ከወረቀት ቁራጮቹ ላይ ፈልጋችሁ በቀይ ምልክት አድርጉ። ለማረም ስትቀመጡ ግን የላካችሁትን ፋይል አትንኩ፤ ባለሀብቱ ከሦስት ቀን በኋላ ለባልደረባው ሊያሳይ ሲከፍተው ግማሽ የፈረሰ ገጽ ያገኛል። ፋይሉን ቅዱ፣ በስሙ ላይ የዛሬውን ቀን ጨምሩ፣ እርማቱን በቅጂው ላይ ጀምሩ።